ሚዜ ያጣ አበባ

ጠዋት ጠዋት ሚዜዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ደወሉ ይጮሃል። አጋም ሜዳ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ደወሉን ሲሰማ የያዘውን ትቶ ይገባል። ልብስ ያሰጣ ልብሱን ይሰበስባል፤ በር ላይ የቆመ ወሬውን አንጠልጥሎ ይለያያል፤ መስኮቶቹም ማንም ሳይነካቸው ጠቅ ጠቅ እያሉ ይዘጋሉ። ከዚያ ከተራራው ጀርባ እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣና ኑጉ ላይ ይወርዳል። ንብ ከጠፋ ወዲህ ወረዳው ያመጣቸው ትንንሽ በራሪ ማሽኖች ናቸው፤ ሚዜ ብሎ የሰየማቸው ሕዝቡ ነው፤ በወረዳው ወረቀት ላይ ስማቸው ረጅም ነው። አበባን ከአበባ ስለሚያጋቡ ሚዜ ተባሉ፣ ስሙም ጸና። ኑጉን፣ ባቄላውን፣ ሱፉን ድረው ሲጨርሱ ሁለተኛው ደወል ይጮሃል፤ መስኮቱ ይከፈታል፤ ሰዉም ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። በመሀል ውጭ የተገኘ ሰው ልብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ቢጫው ታጥቦ አይለቅም፤ ታይቶም ያስቀጣል።

ሚዜዎቹ ላልተመዘገበ አበባ አይወርዱም። የሜዳ አበባን ደግሞ ማን ያስመዘግበዋል? ባለቤት የለው፣ ዘይት አይወጣው። እናም መጀመሪያ ከወንዙ ዳር ያለው ጠፋ፤ ቀጥሎ የመንገድ ዳሩ፤ በመጨረሻ አደይ አበባ ራሱ ጠፋ። አሁን አውዳመት ሲደርስ አደዩ ከወረዳ በካርቶን ይመጣል። ልጃገረዶቹ ይዘውት ቤት ለቤት ይዘፍናሉ፤ መስቀል ሲያልፍ ታጥቦ፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። አጋም ሜዳ የሚያድግ ልጅ አደይ አበባ የሚታጠብ ነገር ይመስለዋል።

ከአንድ ቦታ በቀር። ከቢተው ጫኔ ቤት ጀርባ ካለው እርከን ላይ አደይ በየዓመቱ ይወጣ ነበር። ብዙ አይደለም፤ እቅፍ የሚሞላ ያህል ነው። ሰዉ ነፋስ ያመጣው ዘር ነው ይላል። ቢተው ይህን ሲሉ ይሰማል፤ አያርማቸውም።

ቢተው በሰፈሩ የጭቃ ቤት የቀረው ብቸኛ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚኖርበት ተገጣጣሚ ፓነል ቤት ሲታደል ስሙ ከሁሉ መጨረሻ ተጠራ፤ እሱም «መጨረሻ የተጠራሁበትን ቤት አልገባም» ብሎ በአባቱ ጎጆ ቀረ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ቂሙን እንደ ዘር እህል ለብቻው አስቀምጦ ከዓመት ዓመት ያሻግራል። ስድስተኛ ክፍል ሳለ በአነባበቡ የሳቀበትን አስተማሪ አሁንም ያስታውሳል፤ ትምህርቱንም ያን ቀን ነው የተወው። በአጎቱ ልጅ ሠርግ ጫማ ከሚወለቅበት ቦታ ያስቀመጠውን ሰው ስሙን ከነአባቱ ይጠራል። ዋናው ቂሙ ግን የስብሰባው ነው።

ሚዜዎቹ ሊመጡ ነው ተብሎ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቀን ቢተው እጁን አወጣ። በሕይወቱ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ያ ብቻ ነው። «የሜዳውን አበባስ ማን ይዳረው?» ብሎ ጠየቀ። የሰፈሩ አስተባባሪ ሙላት ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ማይኩን እንደያዘ «ዝንብ ይዳረው! አያ ቢተው ደግሞ የዝንብ ጠበቃ ሆኑልን!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቢተው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አልሄደም፤ ዕድሩን ተወ፤ ሰላም ሲሉት በትከሻው ይመልሳል። ቤቱን የሚያድሰው፣ የሚመርገው እሱ ብቻ ነበር፤ እድሳቱንም ተወው። የምሥራቁ ግድግዳ በፀሐይና በዝናብ ተሰነጣጥቆ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተቦረቦረ።

ንብ መሳዮቹ የመጡት ያኔ ነው። ጥቋቁር ናቸው፤ ደረታቸው ላይ አመድ የመሰለ ጸጉር አላቸው። ማር አይሠሩም፤ ንግሥት የላቸውም፤ አንዷ ለአንዷ አትታዘዝም። እያንዳንዷ በግድግዳው ላይ የራሷን ቀዳዳ ትቆፍራለች፣ ለልጇ የአበባ ዱቄት ትሰንቃለች፣ በላዩ ትወልዳለች፣ በጭቃ ትደፍነዋለች፣ ትሞታለች። ልጅ እናቱን ሳያይ በዓመቱ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቀው፣ ደፈናውን ቦርቡሮ ይወጣል። ወጥቶም ወደ እርከኑ ይበራል። አንዷ አደዩ ላይ ስታርፍ ሆዷ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫውን ይዛ ሌላው አበባ ላይ ትገለባበጣለች፤ አበባው ዘር ይይዛል። ነገሩ ይኸው ነው። ወረዳው ከተራራ ጀርባ ሚዜ የሚያስመጣው ለዚህችው ነገር ነው።

ቢተው ይህን ለማንም አልተናገረም። አንደኛ ነገር፣ በቀበሌው በር ላይ «ያልተመዘገቡ ነፍሳትን ያየ ይጠቁም» የሚል ተለጥፏል፤ ከጠቆሙ ደግሞ መድኃኒት የሚረጨው መኪና ይመጣል። ሁለተኛ፣ እነዚያ የሳቁ ሰዎች ምን አግብቷቸው! ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በርጩማውን ከግድግዳው ፊት አድርጎ፣ ብቻውን ያያቸው ነበር። ደስ የሚለው ደግሞ እነሱም ብቻቸውን መሆናቸው ነው።

በአንደኛው ዓመት ክረምቱ ሲያልቅ ማየት አቃተው። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር። ለማንም ሳይናገር ዱላውን ይዞ፣ መንገዱን በእግሩ እየዳበሰ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ቀኙን አክመው በፋሻ ሸፈኑለት፤ የግራው ተራ ገና ነው ተባለ። አትጎንበስ፣ አቧራ አትቅረብ ብለው ላኩት።

ቢተው ለማንም ባይናገርም ያየው ሰው ነበር። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው እንጉዳይ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቋት ሴት፣ በመስኮቷ ስትመለከት ሰውዬው መንገዱን እየዳበሰ ሲወርድ አየች። አንጀቷን በላት። ወዲያው ሰፈሩን ዞረች፤ «ሰውዬው ዓይኑ ሊታከም ሄዷል፤ አውዳመት ደርሷል፤ በርቶለት ሲመጣ ያንን የፈረሰ ግድግዳ ይየው?» አለች። ሙላትም «ደቦ እንውጣ» አለ።

በኋላ እንደተወራው፣ አጋም ሜዳ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ፓነል ቤት ውስጥ ካረጁ ሰዎች መካከል ጭቃ ማቡካት የሚያስታውስ ጠፋ። አንዱ ጭዱ በዛ ሲል አንዱ አነሰ ይላል። ሙላት ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ሲረግጥ ተንሸራቶ ተቀመጠ፤ ተቀምጦም ቀረ። ግድግዳውን ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ቦታ በመዳፉ መረገ። ቀዳዳ ሲያገኙ በአውራ ጣታቸው እየጠቀጠቁ ደፈኑ። ሲደርቅ ነጭ አፈር ቀቡት። እጁ ጭቃ የነካ ሰው መታጠቡን ጠላ።

ቢተው ከአውቶቡስ ሲወርድ እልልታ ተቀበለው። ደነገጠ። በግራ ዓይኑ፣ በጉም ውስጥ እንደሚያይ ሰው፣ ቤቱ ባለበት ቦታ ነጭ ነገር ቆሞ አየ።

«ምንድን ነው ይኼ ነጭ?»

«ቤትህ ነዋ!» አለች እንጉዳይ። «አላወቅኸውም አይደል? እሰይ!»

ሄዶ ነካው። ድፍን ነው፤ ለስላሳ ነው፤ እንደ ድንጋይ ደርቋል። መዳፉን ከላይ እስከታች አስኬደው። አንድም ቀዳዳ የለም።

«ማን ነው የነካው?»

«እኛ ነና! ዓይንህ በርቶ ስትመጣ…»

«ማን ንኩልኝ አላችሁ?» ዱላውን መሬት ላይ መታ። «ማን? እኔ ለምኛችኋለሁ? ማን ንኩልኝ አላችሁ!»

እልልታው ቆመ። ሙላት ከሰዉ መሀል ወጣ። «አያ ቢተው፣ ምስጋናው ይቅርብን። ስድቡ ግን…»

«ስድብማ አንተ ታውቃለህ!» ብሎት ገባና በሩን ዘጋ።

ውጭ ሲንሾካሾኩ፣ ሲበታተኑ ሰማ። «ድሮም እንዲህ ነው፤ ተይው» አላት አንዱ እንጉዳይን።

ከውስጥ በኩል ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መጀመሪያ የራሱን ልብ ብቻ ሰማ። ቆየት ሲል መጣ፤ ጥርስ ደረቅ ዳቦ ሲቆረጥም እንደሚያሰማው፣ ቅጭርጭር የሚል ቀጭን ድምፅ። ነቅተዋል። የእናታቸውን ደፈና በልተው ጨርሰው የሰዉን ልስን እየቧጠጡ ነው። የሰዉ ልስን ግን ጭድ ያለበት፣ በነጭ አፈር የታሸገ ነው። ስንቃቸው ደግሞ አልቋል። ከእርከኑ በኩል የአደዩ ሽታ ይመጣል፤ ፈክቷል ማለት ነው። ዘንድሮ ካልወጡ የሚወልድ የለም። ካልወለዱ ለከርሞ የሚወጣ የለም። አደዩም ካርቶን ውስጥ ያለው ብቻ ይሆናል።

ምስማር ፈልጎ ወጣ። ፊቱን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ መፋቅ ጀመረ። ድሮ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸው ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም ነጭ ነው፤ ምልክቱ ሁሉ ተቀብቷል። አቧራው ፋሻው ላይ ቦነነ። በግምት ወጋ፤ ደረቅ ነው። ዝቅ ብሎ ወጋ፤ ምስማሩ ድንገት ሰረገ። ጣቱን ሲሰድ እርጥብ ነገር ነካው። ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። ጥቁር ነው። ላዩ ላይ አመድ የመሰለ ጸጉር አለው።

ቢተው ምስማሩን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ተቀመጠ። የሚያደርገውን አጥቶ አይደለም፤ የሚያደርገውንማ ወዲያው ነው ያወቀው። ግድግዳውን የሚያውቁት አሁን እነሱ ናቸው፤ የደፈኑት ጣቶች የት እንደደፈኑ ያስታውሳሉ። መነሳቱ ነው የከበደው። ተነስቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የሰው በር ማንኳኳት።

የእንጉዳይ በር ግን የሚንኳኳ አልነበረም። እንደቀረበ በሩ ራሱ ተናገረ።

«እንግዳው አልታወቁም። ስምዎን ይናገሩ።»

«ቢተው።»

«አልታወቁም። ሙሉ ስም ይናገሩ።»

«ቢተው ጫኔ! ፊት ለፊት ያለሁት ነኝ እኮ! የምን አልታወቁም ነው!»

«የመጡበትን ምክንያት ይናገሩ።»

ቢተው ወደ ኋላ ዞረ። ነጩ ግድግዳ በማምሻው ብርሃን ነጥቶ ቆሟል። ተመለሰ።

«እርዳታ» አለ በሹክሹክታ።

«እናመሰግናለን» አለ በሩ፤ ከዚያም ለቤቱ ሁሉ፣ ለመንገዱም ጭምር በሚሰማ ድምፅ፦ «እንግዳ፤ ቢተው ጫኔ። ምክንያት፤ እርዳታ።»

እንጉዳይ ስትከፍት ዓይኗ አብጦ ነበር። አልቅሳለች።

«ምን ቀረህ ደግሞ?» አለችው። «አፍርሱልኝ ልትል ነው?»

«ግድግዳው ውስጥ ፍጥረት አለ» አለ።

«ምን?»

«ንብ ነገር። ማር የማትሠራው። በቀዳዳው ውስጥ ነበሩ። አደዩን ዘር የሚያሲዙት እነሱ ናቸው፤ ነፋስ አይደለም። አሁን መውጫቸው ነው። ታፍነዋል።»

እንጉዳይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከእጇ ስር ግን ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣ። ቢተው ሊሄድ ዞረ።

«ቁም! ቁም አንተ ሰውዬ!» ጋቢውን ጨብጣ ያዘችው። «ይኼን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠህ እንዴት አትነግረኝም?»

«ስቃችሁብኝ ነበራ።»

«መቼ?»

«በስብሰባው።»

«እኔ አልሳቅሁም።»

«ስቀሻል። መስኮቱ ጋ ነበርሽ፤ ከባልሽ ጎን። ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ነበር።»

«ስቄ ይሆናል» አለች እንጉዳይ። «ሰው ሁሉ ሲስቅ ሳቅሁ። አንተ እዚያው ቆመህ ቀረህ እንዴ? ኧረ በሞቴ!» ነጠላዋን ከግድግዳዋ ምስማር ላይ አነሳች። «በል ቅደም። እኔ የመስኮቱን ሥር ነበር የመረግሁት። አምስት ስድስት ቦታ በአውራ ጣቴ ደፍኛለሁ፤ የት የት እንደሆነ እጄ ያውቀዋል።»

ሰፈሩን ጠርታ አመጣችው። አንዳንዱ አኩርፎ መጣ፤ አንዳንዱ ለወሬ መጣ። ሙላት ከኋላ ቆሞ ሲሰማ ቆየና ቀረብ አለ። የአስተባባሪ ምልክቱ ደረቱ ላይ ነው።

«አያ ቢተው፣ ይኼ እኮ የሚጠቆም ነገር ነው።»

«አውቃለሁ። ጠቁማ። የዝንብ ጠበቃ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«እኔ? መቼ?»

ቢተው ዞሮ በግራ ዓይኑ አፈጠጠበት። ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከመውን ነገር፣ የጫነበት ሰውዬ መጫኑን እንኳን አያስታውስም። ይኼ ከስድቡ ይብሳል። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ ሌላ ሃያ ዓመት ያኮርፍ ነበር። አሁን ግን ግድግዳው ውስጥ የሚቧጥጡት ጊዜ የላቸውም።

«ተወው» አለ። ይህን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው በዚያ ሰፈር አልነበረም።

ሙላት እጆቹን አየ። ነጩ አፈር ገና ከጥፍሩ ሥር አልወጣም። ምልክቱን ከደረቱ ፈታና ኪሱ ከተተው። «እኔ ያየሁት ግድግዳ ሲታደስ ነው» አለ። «ላይኛው የእኔ ድርሻ ነበር። ጣቴ የገባበት ቦታ አለ። መሰላል አምጡ።»

ምስማር ቢተው ከለከላቸው። ቅድም የወጋትን ሬሳ በመዳፉ አሳያቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ጨርቅ በውኃ ነክረው፣ እያንዳንዱ የመረገውን ቦታ በመዳፉ እየፈለገ፣ እያስታወሰ አርጥበው አለሰለሱት። «እዚህ ጋ ነበር… አይደለም፤ ከፍ በል። እኔ ቁመቴ እስከዚህ ነው።» «ያንቺ አውራ ጣት ነው ይኼ፣ የእኔ ይሰፋል።» ጭቃው ሲለሰልስ በጣታቸው ጫፍ እንደ ቁስል ቅርፊት አንሥተው አወጡት። ሌሊቱ ሲገፋ ግድግዳው እንደገና ፈንጣጣ ሆኖ ነበር። የወጣ ነገር ግን የለም።

«ሞተው ይሆን?» አለ አንዱ።

«ፀሐይ ነው የሚያስነሳቸው» አለ ቢተው፤ እርግጠኛ ሆኖ ግን አልነበረም።

ጠዋት ሁሉም መጡ። እንጉዳይ ከወረዳ የታደለውን ፕላስቲክ አደይ ነጠላዋ ላይ ሰክታ ነበር፤ የአውዳመቱ ዋዜማ ነው። ፀሐይዋ ተራራውን ወጥታ የግድግዳውን ጫፍ ነካች፤ ቀስ እያለች ወረደች። መሀሉ ላይ ስትደርስ ደወሉ ጮኸ።

ከመንገዱ ማዶ መስኮቶቹ ጠቅ ጠቅ እያሉ ተዘጉ። በሮቹም ተቆለፉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ማጉረምረሙ ከተራራው ጀርባ ተሰማ።

«ግቡ» አለ ቢተው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ የሰሙትን አላመኑም።

«ግቡ አይደል የምላችሁ! ቢጫ መሆን ነው የምትፈልጉት?»

ተጋፍተው ገቡ። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ያለችው አንድ በርጩማ ናት። እሷን ለእንጉዳይ አቀረበላት። አልተቀመጠችም። ሚዜዎቹ በጣራው ላይ አልፈው ኑጉ ላይ ወረዱ፤ ሣሩ ሲንሾካሾክ፣ መዝጊያው ሲንቀጠቀጥ ቆየ፤ ራቀ። ዝምታ ሆነ። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ሁለተኛው ደወል ሳይደወል፣ ሙላት ጆሮውን ግድግዳው ላይ አደረገ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። እጁን አወዛውዞ ጠራቸው። አንድ በአንድ ተጠጉ፤ የአጋም ሜዳ ሰው ሁሉ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆመ።

«ይኼ ነው?» አለች እንጉዳይ።

«ይኼ ነው» አለ ቢተው።

ደወሉ ጮኸ፤ ወጡ። ቢተው በሁለት ሰው መካከል ቆሟል። በግራ ዓይኑ የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ሰዉ ፀጥ አለ። ከዚያ «ውይ!» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ወዲያውም ሁሉም በአንድ ላይ በሳቅ ፈነዱ።

ቢተው ፊቱን አዞረ። «ለዚህ ነው የሰበሰብኳቸው?» አለ በልቡ። ወደ ቤቱ ለመግባት አንድ እግሩን አነሳ።

«ምንድን ነው?» አለ ግን። «ምን ሆናችሁ ነው?»

«ወጣች!» እንጉዳይ ክንዱን ጨብጣው ነበር፤ እየሳቀች መናገር አቅቷታል። «ራሷ ላይ ጭቃ እንደተሸከመች ወጣችና፣ በቀጥታ መጥታ እኔ ደረት ላይ፣ ፕላስቲኩ ላይ! ዞረችው፣ ገለበጠችው፣ ምንም አጣችበት። ተናዳ ሄደች! አያ ቢተው፣ እንዴት እንደተናደደች ብታያት! አንተን ነው የምትመስለው!»

ቢተው እግሩን መለሰ። ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማው፤ ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ቆየበት። ዙሪያውን «ሌላዋ! ይችው ሌላዋ!» ይላሉ።

«ወዴት ሄደች?» አለ።

«ወደ እርከኑ።»

«የቱ ላይ?»

«ቆይ… እየዞረች ነው። አረፈች። ዳር ላይ ያለው፣ አጎንብሶ የቆመው ላይ። ውስጡ ገባች። ውይ፣ ሆዷ! አያ ቢተው፣ ሆዷ ቢጫ ሆነ!»

ይህን ከማንም በፊት ያውቀው ነበር። ለዚያ ሁሉ ዓመት ብቻውን ሲያየው ኖሯል። አውቃለሁ ሊላት ይችል ነበር።

«ከዚያስ?» አላት።